የአትላንቲክ ውጊያ ሚዛን እንዴት ተለወጠ?



ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ቀድመው የሚታወሱን ስታሊንግራድና ኖርማንዲ ናቸው። የዛሬው ገለጻዬ ግን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ስለተካሄደው ውጊያ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ብሪታንያ ነዳጇንና አብዛኛውን ጥሬ ዕቃዋን፣ ከምግቧም ከፊሉን የምታገኘው በባሕር ነበር። ጀርመን ይህን ተገንዝባ ሰርጓጅ መርከቦቿን እንደ ተኩላ መንጋ አሰማራች። በኖቬምበር 1942 ብቻ ሰርጓጆቹ ያሰመጧቸው መርከቦች ከ700,000 ቶን ይበልጡ ነበር። በማርች 1943 ደግሞ ሁለት የንግድ መርከቦች ቅፍለት በጥቂት ቀናት ውስጥ 22 መርከቦች አጡ።

ሁለት ወር ብቻ ቆይቶ ሁኔታው ተገለበጠ። በሜይ 1943 ጀርመን 41 ሰርጓጆች አጣች፤ በ24ኛውም ቀን አድሚራል ካርል ዶኒትዝ ቀሪዎቹ ከሰሜን አትላንቲክ እንዲወጡ አዘዘ።

ታዲያ ምን ተለወጠ? አብዛኛው መሣሪያ አዲስ አልነበረም። የኤኒግማን ምስጢር ፖላንዳውያን የሒሳብ ሊቃውንት በ1939 ለብሪታንያና ለፈረንሳይ አካፍለው ነበር። በጨለማ ሰርጓጅን የሚለየው አጭር ሞገድ ራዳርም ቀደም ብሎ ተሠርቷል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የሊበሬተር አውሮፕላን ታሪክ ነው። የውቅያኖሱ መካከል ከየብስ ለሚነሡ ሌሎች አውሮፕላኖች የማይደረስበት ሲሆን፣ ይህ አውሮፕላን ግን ሊደርስበት ይችል ነበር፤ በ1941ም ብሪታንያ እጅ ገብቷል። ሆኖም የአየር ኃይል አዛዦች ቦምብ አጥቂ አውሮፕላኖችን ሁሉ ለጀርመን ከተሞች፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይልም ሊበሬተሮቹን ለፓስፊክ ስለፈለጓቸው፣ ለአትላንቲክ የደረሱት እጅግ ጥቂት ነበሩ። የብሪታንያ፣ የካናዳና የአሜሪካ ተወካዮች በማርች 1943 ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው ኃላፊነትን ከተከፋፈሉና ስለ አውሮፕላኖቹ ድልድል ከተስማሙ በኋላ ግን ክፍተቱ ተደፈነ።

ስለዚህ ሚዛኑን የለወጠው መሣሪያው በመፈልሰፉ ብቻ አይደለም፤ አጋሮቹ መሣሪያው የት መዋል እንዳለበት በመስማማታቸው ጭምር ነው። የመዘግየቱን ዋጋ የከፈሉት ግን በስብሰባው ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። በጦርነቱ ዘመን በብሪታንያ የንግድ መርከቦች ላይ ከ30,000 በላይ መርከበኞች አልቀዋል፤ ብዙዎቹም ከሕንድና ከቻይና የተቀጠሩ ነበሩ።

የድልን ታሪክ ስታጠኑ «ማን አሸነፈ?» ብቻ ሳይሆን «ስምምነቱ ለምን ዘገየ? ዋጋውንስ ማን ከፈለ?» ብላችሁ ትጠይቁ ዘንድ አደራ እላለሁ።