በመኪና አደጋ የተጐዳ ሰው ካሣውን በሕግ የሚጠይቅበት መንገድ

የነጋዴ ሥራ ከመኪና ጋር የተሳሰረ ነው። ከወደብ የሚመጣው ሸቀጥ፥ ወደ ውጭ የሚላከው ቡናና ቅባት እህል፥ በየሱቁ የሚከፋፈለውም ዕቃ በአብዛኛው በመኪና ይጓጓዛል። ስለዚህ የመኪና አደጋ ነጋዴውን በሁለት በኩል ይነካዋል፤ አንድ ቀን ተጐድቶ ካሣ ጠያቂ፥ ሌላ ቀን የመኪና ባለቤት ሆኖ ካሣ ከፋይ ሊሆን ይችላልና። በየትኛውም ወገን ቢቆም ሕጉን አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ብዙ ሰው ካሣ ለማግኘት የሾፌሩን ጥፋት ማስረዳት ግድ ይመስለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 2081 እንደ ደነገገው የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ባለቤቱ ከኀላፊነት የሚድነው መኪናው በዚያ ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበረ ሲያስረዳ፥ ወይም ጉዳቱ በተጐጂው በራሱ ጥፋት የደረሰ ሲሆን ነው። ተጐጂው በከፊል ያጠፋ እንደሆነ ካሣው በዚያው መጠን ይቀነሳል። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ደግሞ፥ ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር፥ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቈጠራል። ከፍሎ የተሳፈረ መንገደኛ ግን ክርክሩ በማጓጓዣው ውል ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በሌላ ደንብ ይታያል።

ሾፌሩ በወንጀል ተከሶ በነፃ ቢለቀቅም የተጐጂው የካሣ መብት አብሮ አይጠፋም። በቁጥር 2149 መሠረት የካሣውን ነገር የሚያየው ዳኛ በወንጀሉ ችሎት የነፃ ፍርድ አይገደድም።

ይሁን እንጂ መብት በዝምታ ይጠፋል። የካሣ ክስ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለት ዓመት ረዥም ይመስላል፤ ነገር ግን ሕክምናው፥ የሽማግሌዎች ድርድርና ከመድን ድርጅት ጋር የሚደረገው መጻጻፍ ሳይታወቅ ይፈጁታል። «በድርድር ላይ ነን» ብሎ ቀኑን ማሳለፍ ለብዙዎች የጸጸት ምክንያት ሆኗል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስረጃ መሰብሰብ ያስፈልጋል። እነዚህም የመኪናው የታርጋ ቁጥር፥ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋው ፕላን፥ የምስክሮች ስምና አድራሻ፥ የሐኪም ማስረጃ፥ እንዲሁም የመድኃኒትና የሕክምና ደረሰኞች ናቸው። ሱቁ ተዘግቶ የቀረበትን ገቢ የሚጠይቅ ነጋዴ ደግሞ የሒሳብ መዝገቡንና ግብር ያሳወቀበትን ወረቀት ማቅረብ ይኖርበታል። ለግብር ሲባል ገቢውን አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው በፍርድ ቤት የሚመዘነው በዚያው በራሱ ወረቀት ነው። የሕሊና ጉዳት ካሣ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ስለ ተወሰነ፥ የተጐጂው ዋና ተስፋ በማስረጃ የተደገፈው የገንዘብ ጉዳት ነው።

እርቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሕጉ መሠረት የተፈረመ የእርቅ ውል ክርክሩን እንደ ፍርድ ይዘጋዋል። ዛሬ ቀላል የመሰለ ስብራት ነገ ዘላቂ የአካል ጉድለት ሊሆን ስለሚችል፥ ሐኪሙ የመጨረሻ አስተያየቱን ሳይሰጥ፥ ጠበቃም ወረቀቱን ሳይመለከት መፈረም አይገባም።

ለሦስተኛ ወገን መድን መግባት በ2000 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ሆኖ፥ በ2005 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 799 ተሻሽሎ ተደንግጓል። መድን ሰጪው የሚከፍለው ሕጉ በወሰነው ጣራ ልክ ሲሆን፥ ከዚያ የሚተርፈውን ጉዳት የመኪናው ባለቤት ይጠየቅበታል። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ያልታወቀ ወይም መድን የሌለው እንደሆነ ደግሞ ተጐጂው ለመድን ፈንድ ማመልከት ይችላል።

ጠበቃ ሲመረጥ የጥብቅና ፈቃዱን ማየት፥ የአገልግሎቱን ዋጋ በጽሑፍ መዋዋልና የውክልናውን ሥልጣን ለይቶ መስጠት ይገባል። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በድኻ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ፍርድ ቤቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር የተቋቋሙ ማዕከሎችም ለችግረኞች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ።

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንደ ተባለ፥ ምክር የሚጠየቀው ነገሩ ሳይበላሽ ነው። መኪና ያለው ነጋዴም የመድን ውሉ ያለቀበትን ቀን ዛሬውኑ ቢመለከት፥ በአንድ አደጋ ምክንያት የብዙ ዓመት ድካሙን ለካሣ ከማስረከብ ይድናል።