ዋስ የሆነው ዘመድ፦ የየመን ስደተኞች በከብት ገበያችን

በጅጅጋም ይሁን በበርበራ፣ በሞያሌም ይሁን በጋሪሳ ገበያ የሚውል ነጋዴ በቀን ስንት ጊዜ «ደላላ» እንደሚል ቆጥሮ አያውቅም። ሶማሊው «ዲላል»፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው «ዳላሊ» ይለዋል። ሱቅ፣ ሂሳብ፣ ሸሪክና ሐዋላም እንደ ደላላ ከዓረብኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ባሕር ያሻገሯቸው ሰዎች ደግሞ በአብዛኛው ኑሮ ፍለጋ ከአገራቸው የወጡ ስደተኞች ነበሩ።

የሐድራሞት ሸለቆ ዝናብ አጠር ነው። ወንዶቹ ለዘመናት ወደ ጃቫ፣ ሲንጋፖር፣ ሃይደራባድ፣ ላሙና ሞምባሳ ተሰደዋል። ከታዒዝ አካባቢ፣ በተለይ ከሑጀሪያ ተራሮች የወጡት ብዙዎቹ ደግሞ በአደን በኩል ወደ ጅቡቲና ኢትዮጵያ ተሻገሩ።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 አደንን ሲይዙ ከተማዋ በቂ ውኃም ግጦሽም አልነበራትም። ወታደሩ ሥጋ ይፈልግ ነበር። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት የመርከበኛው ፍላጎት ተጨመረ። በጉ የሚመጣው ከበርበራ ነበር፤ እንግሊዝ በ1880ዎቹ የሶማሌን ጠረፍ በጥበቃዋ ሥር ካደረገችባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ሥጋ ነው። ወደ በርበራ የሚመጣ እንግዳ ነጋዴ ግን ብቻውን አይገበያይም ነበር። «አባን» የሚባል የአገሬው ሰው ይይዛል፤ አባኑ ያሳድረዋል፣ ይጠብቀዋል፣ በመሸጥና በመግዛት ይሸመግልለታል፣ የድርሻውንም ይወስዳል።

የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የየመን ነጋዴዎችም ወደ መሃል አገር ዘለቁ። «አረብ ቤት» የሚለው ስም ዛሬም በአዲስ አበባ ሰው አፍ አለ። ባለሱቁ ጨርቅና ስኳር በዱቤ ይሰጣል፣ ቆዳና ሌጦ ይሰበስባል። እሱም ራሱ ዕቃውን ከዘመዱ በዱቤ ያመጣል። አንዱ ቢክድ ወሬው ከድሬዳዋ እስከ አደን ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያበድረውም ልጁን የሚድርለትም አያገኝም። ባንክ በሌለበት አገር ርካሹ ዋስትና ይህ ነበር።

ለቤተሰቡ ግን ዋጋ ነበረው። ብዙዎቹ ሚስት ያገቡት እዚሁ ነው። ከዓረብ አባትና ከአፍሪቃዊት እናት የተወለደው «ሙወለድ» ተባለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዓረብ ነው፤ የመን ሲሄድ ሐበሻ ይሉታል። ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ደራሲ መሐመድ አብዱልወሊ «እንግዳ ሆነው ይሞታሉ» በተባለው ሥራው የጻፈው ስለ አንድ የአዲስ አበባ የመናዊ ባለሱቅ ነው። ሰውየው ለአገሩ ቤት ገንዘብ ሲልክ ይኖራል፣ ሳይመለስ ይሞታል።

መንግሥታትም ስደተኛውን እንደ እንግዳ ቆጥረው ያባረሩበት ጊዜ አለ። በ1964 የዛንዚባር አብዮት ብዙ ዓረቦች ተገደሉ፣ ተሰደዱ። ከ1974ቱ የኢትዮጵያ አብዮት በኋላ ንብረት ሲወረስ የመናውያን ነጋዴዎች በብዛት ወጡ። በ1990 በኩዌት ቀውስ ጊዜ ሳዑዲ ዓረቢያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የመናውያን እንዲወጡ አደረገች፤ ዓረብነት ከመባረር አላዳናቸውም። ነጋዴ ሲባረር ሱቁ ለሌላ ይተርፋል። በማዶ ያለው ዘመዱና የዱቤ መዝገቡ ግን አብረውት ይሄዳሉ፤ በዚህ በኩል የሚቀረው ሻጭ ሌላ ዋስ መፈለግ አለበት።

ዛሬ የሰውን ቃል በከፊል የተካው የጤና ወረቀት ነው። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪቃ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በጂዛንና በየመን ታየ፤ ሳዑዲም የቀንዱን የቁም እንስሳት አገደች። ለሶማሌ ጠረፍ በጎች እገዳው እስከ 2009 ቆየ። በ2006 በጅቡቲ፣ በ2009 በበርበራ የተከፈቱት የኳራንቲን ጣቢያዎች በሩን መልሰው ከፈቱት። ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሚመሰክረው ለበጉ ጤና ብቻ ነው። ገዢው ሂሳቡን ይከፍላል ብሎ አይዋስም።

ስለዚህ የዱሮው ትምህርት አልረጀም። ከማዶ ላለ ገዢ በዱቤ ስትጭኑ ስሙን ብቻ አትጠይቁ፤ እዚህ የሚዋስለት ማን እንደሆነ፣ ዋሱም ቢክድ ምን እንደሚያጣ ጠይቁ። ውሉን በምስክር ፊት በጽሑፍ አድርጉት። ሙሉውን ጭነት ለአንድ ገዢና ለአንድ ወደብ አትስጡ፤ 2000 እንዳሳየው በሩ በአንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል።

ከ2015 ጀምሮ የየመን ጦርነት ያሰደዳቸው ቤተሰቦች ወደ ኦቦክ፣ በርበራና ቦሳሶ ተሻግረዋል። ከመካከላቸው በአገራቸው ሲነግዱ የኖሩ አሉ። መጠለያና እህል ብቻ ሰጥተን ከተውናቸው የሚያውቁትን የማዶ ገበያ አብረን እንተወዋለን። አባኑ ለእንግዳው ዋስ የሆነው ለጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ ነበረው። የንግድ ማኅበሮቻችንም ሥራቸው የታወቀውን ሰዎች በሸሪክነት ቢይዙ ጥቅሙ የሁለቱም ወገን ነው።