የደም ቧንቧ ገበርና የፕሌትሌት ሥራ

በጪጩ ቡናና እንሰት የሚያለማ ገበሬ እጁን ማጭድ ቢቆርጠው ደሙ ጥቂት ፈስሶ ይቆማል። ይህንም የሚጀምሩት ፕሌትሌት የሚባሉት እጅግ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው። በአንድ ኩብ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ። ኢጣሊያዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ በ1882 እ.ኤ.አ. በቆሰለ የደም ሥር ላይ እየተጣበቁ ደምን እንደሚያቆሙ አስረድቷል።

ነገር ግን ሰውን ከመድማት የሚያድነው ይህ ኃይል ያለ ቦታው ቢሠራ ሕይወትን ያጠፋል። ታዲያ በደኅና ጊዜ ፕሌትሌት በደም ሥር ውስጥ የማይጣበቀው ስለ ምንድን ነው ቢሉ፥ ምሥጢሩ በገበሩ ነው። ካፖርት ገበር እንዳለው ሁሉ የደም ቅዳ ቧንቧም በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተሠራ ለስላሳ የውስጥ ገበር አለው። ገበሩም ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታሳይክሊን የሚባሉ ነገሮችን እያመነጨ ፕሌትሌት እንዳይጣበቅበት ይከለክላል፤ ቧንቧውንም ያሰፋል።

የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ የትምባሆ ጢስና በደም ውስጥ የበዛ ኮሌስትሮል ይህን ገበር ይጎዱታል። በዚያን ጊዜ ኮሌስትሮል ከገበሩ ሥር ሰርጎ ይከማቻል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ተከትለው ገብተው ስቡን ይውጣሉ። ፕሌትሌትም በተጎዳው ስፍራ እየተጣበቀ እብጠቱን ያባብሳል። እንዲህ እያለ በብዙ ዓመት ቧንቧው ይጠብባል፤ ይደድራልም። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ አንዳች ሕመም አይሰማውም። አንድ ቀን እብጠቱ ሲሰነጠቅ ግን ፕሌትሌት እንደ ማጭዱ ቁስል ቆጥሮት ይሰበሰባል፤ ደሙም ረግቶ መንገዱን ይዘጋል። የተዘጋው የልብ ቧንቧ እንደ ሆነ የልብ ሥጋ ይሞታል፤ የአንጎል እንደ ሆነ ስትሮክ ይመጣል።

ስለዚህ ዋናው ጥበብ ገበሩን አስቀድሞ መጠበቅ ነው። ይኸውም፥ ትምባሆን ፈጽሞ መተው፤ ሕመም ባይኖርም የደም ግፊትን ማስለካት፤ በእግር መሄድን ማዘውተር ነው። ቡናን በጨው የመጠጣት ልማድ ባለበት ቤትም ጨዉን መቀነስ ይገባል። አስፕሪን የፕሌትሌትን መጣበቅ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሊያደማ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ መውሰድ አይገባም።

ደረቱን ጭምቅ አድርጎ የያዘው፥ ወይም በድንገት አፉ የተጣመመ፥ ክንዱ የዛለ፥ ንግግሩ የተሳሰረ ሰው ቢገኝ «ትንሽ ይረፍ» ሳይባል ከጪጩ ወደ ዲላ ሆስፒታል ፈጥኖ መወሰድ አለበት። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፥ ትምህርቱ በልጆች አፍ ወደየቤቱ ይገባል።