ከዝርፊያው በፊት የሚደርስ ወሬ

ከጂንካ ደጋማ ዳርቻ ወደ ታችኛው ኦሞ የሚወርድ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ አየሩም፣ አለባበሱም፣ ቋንቋውም ይለወጥበታል። ዲመካ ላይ የሐመሮች ገበያ አለ፤ ኦሞራቴ ላይ ዳሰነቾች፣ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ካንጋቴን ላይ ኛንጋቶሞች ይኖራሉ። ከእነሱ ባሻገር ደግሞ የኬንያ ቱርካናዎችና የደቡብ ሱዳን ቶፖሳዎች አሉ። ድርቅ ሲበረታ የሁሉም ከብት ወደ አንድ ሣርና ወደ አንድ ውሃ ያመራል። ዱሮ በጦር ይካሄድ የነበረው የከብት ዝርፊያ ክላሽንኮቭ ከገባበት ወዲህ በአንድ ንጋት ብዙ ሰው የሚያልቅበት ውጊያ ሆኗል። ፖሊስ ወይም መከላከያ እስኪደርስ ከብቱ ድንበር ተሻግሮ ያድራል።

ይህን የጊዜ ክፍተት ለማጥበብ የተቋቋመው ድርጅት ሴዋርን ይባላል፤ የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት (ኢጋድ) የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ሥርዓት ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። የኢጋድ አባል አገሮች የመሠረቱበትን ስምምነት ካርቱም ላይ የፈረሙት በጥር 1994 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራውን በተግባር የጀመረው በካራሞጃ ክላስተር ነው። ክላስተሩ የኢትዮጵያን፣ የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የዛሬዋን ደቡብ ሱዳን የድንበር አካባቢዎች ያቅፋል። በኢትዮጵያ በኩል የሚነካው ይህንኑ የታችኛውን ኦሞ ነው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። በየአካባቢው የተመረጠ የመስክ ታዛቢ አለ፤ ቋንቋውን የሚናገር፣ ገበያውንና የከብት ውሃውን የሚያውቅ ሰው። ግጭት ከደረሰ የክስተት ዘገባ ይልካል። ምንም ባይደርስም በየሳምንቱ የሁኔታ ዘገባ ይሞላል። ሥርዓቱ ከተራ የፖሊስ መዝገብ የሚለየው በዚህ ሁለተኛው ቅጽ ነው። የከብት ዋጋ ወረደ? ተማሪዎች ትምህርት አቋረጡ? መሣሪያ በቀላሉ ይገኛል? ለዘመቻ የሚወጡ ወጣቶች በሽማግሌ ተመረቁ? በጎረቤታሞች መካከል የእርቅ ስብሰባ ተደረገ ወይስ ቀረ? መልሶቹ ወደ ኮምፒውተር ይገቡና በጊዜ ብዛት የአካባቢው የልብ ትርታ በግራፍ ይታያል።

ከዚህ መረጃ ያልተጠበቀ ነገር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት የሴዋርንን የካራሞጃ ዘገባዎች ከሳተላይት የዕፅዋት ልኬት ጋር አስተያይቶ ነበር። ግጭትን የሚያባብሱ ምልክቶች ሲበዙና የእርቅ ጥረት ሲቀንስ ግጭቱ ይጠነክራል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ግጭቱ በተለይ የሚበረታው ግን ቁጥቋጦው ሲለመልም ሆኖ ተገኘ። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ሲገምቱ፣ የለመለመ ጫካ ለተደራጀ ዘራፊ መሸሸጊያ ይሆናል አሉ። ድርቅ ብቻውን ጦር ይመዛል ብሎ ለሚያስብ ባለሥልጣን ይህ የዘመቻ ቀን መቁጠሪያውን የሚያስቀይር ግኝት ነው።

ዘገባው በምን ይሄዳል? እዚህ ላይ የወታደራዊ መገናኛ ዕውቀት ይገባል። ቪ ኤች ኤፍ የሚባለው የእጅ ሬዲዮ ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ በጂንካና በቆላው መካከል ያለ ተራራ ያግደዋል። ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው የኤች ኤፍ ሞገድ ግን ሽቅብ ወጥቶ አዮኖስፌር የሚባለውን የሰማይ ንብርብር ነክቶ ይመለሳል። አንቴናው በልክ ዝቅ ብሎ ከተዘረጋ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና ተራራውን ዘልሎ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ይወርዳል። ሌሊት አዮኖስፌሩ ስለሚሳሳ ኦፕሬተሩ ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መቀየር አለበት። ማማ አይፈልግም፤ ባትሪ፣ ሽቦና የሠለጠነ ጆሮ ይበቃዋል። ሠራዊቶች ኤች ኤፍን እስከ ዛሬ ያልተዉት ስለዚህ ነው።

ሞባይል ሲመጣ ነገሩ ተወሳሰበ። ለዚህ የአማጺ ጦርነቶች ምሳሌ ይሆናሉ፤ አማጺን የሚዋጋ መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የነዋሪውን ጥቆማ ነው፤ ስልክ ደግሞ ጥቆማን ከተመልካች ዓይን ይሰውራል። ሻፒሮና ቫይድማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ኢራቅ ውስጥ የሞባይል ሽፋን በሰፋበት ቦታ የአማጺያን ጥቃት መቀነሱን አሳዩ። ፒርስካላና ሆለንባክ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 አፍሪካን አጥንተው ተቃራኒውን አገኙ፤ ሽፋኑ ባለበት የተደራጀ ግጭት የመከሰቱ ዕድል ይጨምራል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ለመጠቆም የሚደወልበት ስልክ ለመሰባሰብም ይደወልበታል። የአፍጋኒስታን ታሊባን ይህን ቀድሞ ስለተረዳ እ.ኤ.አ. በ2008 የስልክ ኩባንያዎች በሌሊት አገልግሎት እንዲያቋርጡ አዘዘ፤ እምቢ ሲሉም ማማዎችን አፈረሰ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያው የሚገኘው በመንግሥት እጅ ነው። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት፣ መንግሥት ሸኔ ከሚለው ኃይል ጋር ውጊያ በነበረባቸው የወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጠው ቆይተዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የክልሉ ግንኙነት ተቆረጠ። በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። እርምጃው የታጠቀውን ቅንጅት ለማወክ ያገለግላል። ነገር ግን ጥቆማ ሰጪውን ገበሬ፣ አምቡላንስ የሚጠራውን ቤተሰብና ለማስታረቅ የሚደዋወሉትን ሽማግሌዎችም አብሮ ድምፅ ያሳጣል። የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ወደ ኤች ኤፍ ወይም ወደ እግረኛ መልእክተኛ ይመለሳል።

ከመገናኛ መሣሪያው የሚከብደው የሰውየው ቦታ ነው። የመስክ ታዛቢ ከዘገበባቸው ሰዎች ጋር ነገ አንድ ገበያ ይውላል። ዘገባው እርቅ ያመጣል ተብሎ ከታመነ ሰዎች ራሳቸው ይነግሩታል። ወታደር ብቻ የሚያመጣ ከመሰላቸው ጆሮ ጠቢ ይሉታል፤ ያን ጊዜ ቅጹ ባዶ ይሆናል። በኦሞ ቆላ ደግሞ ድንበሩ ቋንቋን አይከፍልም። ኛንጋቶሞች፣ ቱርካናዎችና ቶፖሳዎች በጣም ተቀራራቢ ቋንቋ ስለሚናገሩ የአንዱ ወሬ ለሌላው እንግዳ አይደለም። በአንጻሩ ዳሰነችና ቱርካና በቋንቋ ይራራቃሉ፤ በመካከላቸው ለሚደረግ ድርድር አስተርጓሚ ያስፈልጋል። በጂንካ የሚሰራጨው 87.8 ኤፍ ኤም ጣቢያ በአካባቢው ቋንቋዎች ማውራቱ ለጸጥታ ሥራ ዋጋ የሚኖረውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሐሰተኛ ወሬ ሲናፈስ በራስ ቋንቋ የሚያስተባብል ድምፅ ይኖራል።

በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. በቱርካና ሐይቅ ዳር ቶዶኛንግ አካባቢ በዳሰነችና በቱርካና መካከል በተነሳ ግጭት ብዙ ሰው ሞቶ፣ ጉዳዩ የሁለቱ መንግሥታት ባለሥልጣናት መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሴዋርን በዚያን ጊዜ በክላስተሩ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ ነበር። በእንዲህ ያሉ ሥርዓቶች ላይ ከሚቀርቡ ትችቶች ዋናው ይኸው ነው፤ ወሬው ይደርሳል፣ እርምጃው ግን በበጀትና በደብዳቤ ይዘገያል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ፈጣን የምላሽ ፈንድ ያቋቋመው ይህን ለማቃለል ነው። ገንዘቡ የሰላም ኮሚቴዎች በቶሎ እንዲገናኙና በአካባቢ የሚቀረጹ ትናንሽ ሥራዎች እንዲጀመሩ ታስቦ የተመደበ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ ሴዋርን ከአርብቶ አደር ግጭት አልፎ ሌሎች የግጭት ዓይነቶችንም መከታተል ጀምሯል። በታችኛው ኦሞ ግን ሥራው ዛሬም የሚለካው ከማስጠንቀቂያው በኋላ ነዳጅ ያለው መኪና፣ በሁለቱም ወገን የሚሰሙ ሽማግሌዎችና ከድንበሩ ማዶ ስልክ የሚያነሳ አቻ ባለሥልጣን በመገኘታቸው ነው።