ገንዘቡ ተልኳል፤ ግን አልደረሰም፦ በባንኮች መካከል የሚጠፋ መልስና መፍትሔው

ባሕር ዳር፦ አንድ ነጋዴ ከቆጋ መስኖ የተመረተ ሽንኩርት ገዝቶ ክፍያውን በእጅ ስልኩ ላከ እንበል። የነጋዴው ስልክ ገንዘቡ ከሂሳቡ መቀነሱን ይገልጻል፤ የአርሶ አደሩ ስልክ ግን ምንም መልእክት አልደረሰውም። ሽንኩርቱ መኪና ላይ ተጭኗል። ለመሆኑ ገንዘቡ የት ነው ያለው?

መልሱን ለማግኘት ገንዘብ በስልክ ሲተላለፍ የሚጓዘው ብር ሳይሆን መልእክት መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ ኢትስዊችም ባንኮችን እርስ በርስ በማስተሳሰሩ፣ በተለያዩ ተቋማት መካከል የሚላከው መልእክት ብዙ ነው። በእነዚህ ተቋማት መካከል ቆሞ መልእክት የሚቀበለው፣ የሚፈትሸውና የሚያስተላልፈው ሥርዓት ‹‹ጌትዌይ›› ይባላል፤ የመልእክት መግቢያ በር ማለት ነው።

አሠራሩ ለቆጋ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ በዋናው ቦይና በቅርንጫፍ ቦዮች፣ በየመገናኛው ባሉ በሮች አልፎ ማሳ ይደርሳል። ሌሊት የሚፈሰው ውኃም እንዳይባክን በማጠራቀሚያ ኩሬ ይያዛል። ጌትዌይም እንዲሁ በርና ማጠራቀሚያ አለው፤ ተቀባዩ ባንክ ለጊዜው ካልሠራ መልእክቱ ተራ ይዞ ይቆያል።

ስህተት ሲያጋጥም ጌትዌዩ በቅድሚያ የስህተቱን ዓይነት ይለያል። የሂሳብ ቁጥሩ ከተሳሳተ ወይም አስፈላጊ መረጃ ከጎደለ ጥፋቱ የመልእክቱ ስለሆነ ደጋግሞ መላክ ትርጉም የለውም፤ ወዲያውኑ ለላኪው ይመለሳል። ተቀባዩ ሥርዓት ከተቋረጠ ግን መልእክቱ ትክክል ስለሆነ ጥቂት ጊዜ እየጠበቁ እንደገና መሞከር ይገባል። በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ አሠራር በ4 የሚጀምሩ ባለ3 አኃዝ ምልክቶች የመጀመሪያውን፣ በ5 የሚጀምሩት ደግሞ ሁለተኛውን ዓይነት ስህተት ያመለክታሉ።

አስቸጋሪው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ መልእክቱ ተልኮ በተወሰነው ጊዜ መልስ ሳይመጣ ሲቀር። ተቀባዩ ባንክ ገንዘቡን መዝግቦ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ መልእክቱ ከነአካቴው አልደረሰም ይሆናል። ‹‹አልተሳካም›› ብሎ እንደገና መላክ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ‹‹ተሳክቷል›› ብሎ መዝጋት ደግሞ ተቀባዩን ባዶ እጁን ያስቀራል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ጌትዌዩ በዚያው ቁጥር ‹‹ይህ ክፍያ ተመዝግቧል ወይ?›› ብሎ ይጠይቃል። ተመዝግቦ ከሆነ በድጋሚ አይከፈልም፤ ካልተመዘገበ የተቀነሰው ገንዘብ ለላኪው እንዲመለስ ትእዛዝ ይተላለፋል። ማሽኑ ሊፈታው ያልቻለው መልእክት ተለይቶ ለባለሙያ ይቀርባል፤ ተቋማቱም መዝገባቸውን በየጊዜው ያስታርቃሉ።

ሌላው መርሕ ፍተሻ ሲሰናከል በሩ መከፈት ሳይሆን መዘጋት ያለበት መሆኑ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ባጋጠመው የሲስተም ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ መንስኤው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል፤ ያለአግባብ የተወሰደው ገንዘብም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ አስታውቋል። አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር፤ ገንዘቡን የወሰዱ ደንበኞችም እንዲመልሱ ተጠይቀዋል። ለጥቂት ጊዜ የሚዘጋ በር ያስቸግራል፤ ሳይፈትሽ የሚያሳልፍ በር ግን ከዚያ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

ታዲያ ነጋዴውና አርሶ አደሩ ምን ያድርጉ? ነጋዴው ክፍያውን ከአዲስ አይላክ። ሰው ራሱ ደግሞ ሲልክ አዲስ መለያ ቁጥር ስለሚሰጠው፣ ጌትዌዩ እንደ ሌላ ክፍያ ቆጥሮ ያሳልፈዋል። ይልቁንም የክፍያውን መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ ገንዘቡ የተቀነሰበትን ተቋም ይጠይቅ። ተቋሙ ቅሬታውን ካልፈታ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይቻላል። አርሶ አደሩ በበኩሉ በነጋዴው ስልክ ላይ በሚታይ ጽሑፍ ብቻ ምርቱን አያስረክብ፤ የራሱን ቀሪ ሂሳብ ይመልከት። ‹‹ገንዘብህን እናስመልስልሃለን›› ብሎ ለሚደውል ሰውም የሚስጥር ቁጥሩን አይስጥ፤ ክፍያን ለማጣራት የሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም።