መደብ፦ ዝናብ ሳይመጣ የሚጀመር ክረምት

ሚያዝያ በባሕር ዳር የሙቀት ወር ነው። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ የግቢው ሣር ደርቆ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ዋናው ዝናብ እስኪገባ ገና ሁለት ወር ያህል ይቀራል። በዚህ ጊዜ አትክልት ወደሚለማበት አንድ ጓሮ ብትዘልቁ ግን ከጥጉ፣ ከውሃ ጀሪካኑ አጠገብ፣ ከጉልበት የማያልፍ የሣር ዳስ ታገኛላችሁ። ጎንበስ ብላችሁ ሥሩን ስታዩ በመስመር የተደረደሩ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ቅጠሎች አሉ። ቅጠሎቹ የበቀሉባት የአፈር ከፍታ መደብ ትባላለች። የቤቱ የክረምት በርበሬ የሚጀምረው እዚህች ላይ ነው።

መደብ ዘር ተዘርቶ፣ በቅሎና ጠንክሮ፣ ወደ ዋናው ቦታ ለመዛወር እስኪደርስ የሚያድግበት ስፍራ ነው። ሥራው ችግኝ ማፍላት ይባላል። ስፍራው ጠባብ ነው፤ የሚወስነው ነገር ግን ሰፊ ነው። መስከረም ላይ ቃሪያ የሚለቀምበት ጓሮና መስከረም ላይ ገና አበባ የሚጠብቅ ጓሮ የሚለያዩት ሐምሌ ላይ በተሠራው ሥራ ሳይሆን ሚያዝያ ላይ በተሠራው ነው።

የቆየው አቆጣጠራችንም ይህን ያውቃል። በከተማ ብዙ ሰው ፀደይ ሲባል አደይ አበባንና መስከረምን ያስባል። በቤተ ክርስቲያን የወቅት አቆጣጠር ግን መስከረም 26 የሚገባው መፀው ነው። ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ሲሆን ክረምት የሚገባው በማግስቱ፣ ሰኔ 26 ቀን ነው። ስለዚህ ፀደይ ከክረምት በፊት የሚመጣ የዝግጅት ወቅት ነው። ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል፤ ጓሮ የሚያለማውም መደቡን ያበጃል።

ለምን ዝናቡን አንጠብቅም? መልሱ በበርበሬ ዘር ውስጥ አለ። ዘሩ ለመብቀል ብቻ ከ8 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ ለመዛወር እስኪደርስ ደግሞ ከ50 እስከ 60 ቀን ይቆያል። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ሰኔ ላይ በቀጥታ የተዘራ ዘር ጠብታው ይቀብረዋል ወይም ያጥበዋል፤ ከተረፈም አረሙ ቀድሞት ይነሣል። ተክሉ ጉልበት አግኝቶ ማበብ ሲጀምር ዝናቡ እያበቃ ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሰኔ 15 ለመትከል ያሰበ ሰው 55 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጥር ሚያዝያ 20 ላይ ይደርሳል። መደቡ ከዚያ ቀን በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካም ጓሮ የሚያለሙ ሰዎች እንዲሁ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። እነሱ የሚቆጥሩት ውርጩ ከሚያበቃበት ቀን ተነሥተው ነው፤ ዘራቸውንም ቤት ውስጥ፣ መስኮት ዳር ያበቅላሉ። ጠላታቸው ብርድ ነው። የጣና ዳርቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ውርጭ አያሰጋውም። የበርበሬ ዘር ለመብቀል የሚወደው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀትም በሚያዝያ ቀን ያለ ወጪ ይገኛል። የእኛ መደብ የሚከላከለው ሌሎች ጠላቶችን ነው፦ የቀትር ፀሐይን፣ የአፈር መድረቅን፣ ጉንዳንን፣ ዶሮን።

የመደቡ ወርድ አንድ ሜትር ይሁን። ከዚህ ከሰፋ መሃሉ ላይ ለመድረስ መርገጥ ይመጣል፤ የተረገጠ አፈር ደግሞ ለለጋ ሥር መንገድ አይሰጥም። ርዝመቱ እንደ ቦታው ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ግንቦት ላይ ድንገት የሚጥለው ዝናብ እንዳይተኛበት ከመሬቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይደረጋል።

አፈሩ ልል መሆን አለበት። ዋልካ ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቀይ አፈርም ብቻውን ከላዩ ጠጥሮ ቡቃያውን ያፍናል። ሦስት እጅ ጥሩ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢቀላቀል ሁለቱም ችግሮች ይቀላሉ። «የበሰለ» የሚለው ቃል በቸልታ መታለፍ የለበትም፤ ትኩስ ፍግ ለጋ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ጓሮ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ጀሪካን በቁመቱ ሰንጥቆ፣ ሥሩን በስቶና ይህንኑ ድብልቅ ሞልቶ በረንዳው ላይ መደብ ሊያበጅ ይችላል።

ከመዝራት በፊት ዘሩን መፈተን ብዙ ድካም ያድናል። አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሙቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንቱ ከበቀሉ ዘሩ ጥሩ ነው፤ አራት ብቻ ከበቀሉ ወይ አበዝቶ መዝራት ወይ ሌላ ዘር መፈለግ ይሻላል። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት በላይ ሲቆይ አቅሙ በፍጥነት ይደክማል፤ የቲማቲም ዘር በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ጥቂት ዓመታት ይቆያል።

ዘሩ የሚገባው በመስመር ነው። በጣት ወይም በእንጨት ጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር እየተራራቀ ቀጭን ፈር ይወጣል፤ ዘሩ ሳይደራረብ ይነጠባል፤ ከዚያ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር በሚሆን ልል አፈር ይሸፈናል። ከዚህ በላይ ጠልቆ መቅበር ስህተት ነው። ዘር ማለት ስንቅ ይዞ የወጣ መንገደኛ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፣ በያዘው ስንቅ ወደ ብርሃን ይወጣል። የበርበሬ ዘር ስንቁ ጥቂት ነው፤ መንገዱን ካስረዘምንበት ከአፈር ሳይወጣ ስንቁ ያልቃል።

ከተዘራ በኋላ መደቡ በስሱ ደረቅ ሣር ይጎዘጎዛል። ጉዝጓዙ እርጥበት ይይዛል፣ የውሃውንም ጠብታ ያበርዳል። ቡቃያው ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ግን ሳይዘገዩ ማንሣት ይገባል፤ ከሥሩ የቆየ ቡቃያ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል። ጉዝጓዙ በተነሣበት ቀን በምትኩ የሣሩ ዳስ ይሠራል። ዳሱ የቀትሩን ፀሐይ እየሰበረ የጧቱንና የማታውን ብርሃን በጎን ያስገባል። ዙሪያውን በእሾህ ማጠር ደግሞ ለዶሮ ነው፤ የተቆፈረ ልል አፈር ያየች ዶሮ የአንድ ወር ልፋት በደቂቃ ትጭራለች።

ውሃው በጧት፣ በስሱ ይሁን። ማጠጫ የሌለው ሰው የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳን በመርፌ በስቶ መጠቀም ይችላል። ከጥማት ይልቅ ብዙ መደብ የሚያጠፋው ጥጋብ ነው። አፈሩ ሁልጊዜ ከጨቀየና ችግኙ ከተጨናነቀ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ሻጋታ መሰል ተሕዋስያን ግንዱን ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ያጠቁታል። ማታ ቆሞ የነበረ ችግኝ ጧት እንደ ክር ቀጥኖ ተኝቶ ይገኛል። ለወደቀው መድኃኒት የለውም፤ ለቀሩት ግን ማሳሳት፣ ውሃ መቀነስና አየር እንዲገባ ማድረግ ይረዳል። በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንች የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ስለሆኑና ብዙ በሽታ ስለሚጋሩ በየዓመቱ በዚያው ቦታ ላይ መደባቸውን አለመሥራት ይመከራል።

ግንቦት ላይ ከበርበሬው ጎን የጎመን ተራ ይደርሳል። ጎመን ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ስለሚበቃው ዘግይቶ ቢዘራም ከበርበሬው ጋር ለመተከል ይደርሳል። ሁለቱ በአንድ መደብ ቢያድጉም የመጡበት መንገድ ይለያያል። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ከዚያ ውጭ አይታወቅም ነበር። የሐበሻ ጎመን ግን የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘር የእሱ ፍሬ ነው፤ ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲጎድል የሚደርስልንም ቅጠሉ ነው። «ጎመን በጤና» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም።

ለመዛወር አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀር ችግኙን ማላመድ ይገባል። ዳሱ በየቀኑ እየሳሳ ይነሣል፤ ውሃውም ይቀነሳል። ግንዱ ይጠነክራል፤ ቅጠሉ ፀሐይ ይለምዳል። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የደረሰ የበርበሬ ችግኝ ለጉዞ ዝግጁ ነው። ቀኑ ሲደርስ መደቡ አስቀድሞ ውሃ ይጠጣል፤ ችግኙ ከነአፈሩ ይነሣል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይም ሰማዩ ሲዳምን ይተከላል። በመስመሮች መካከል 70፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ማታ የተተከለ ችግኝ ሌሊቱን ሙሉ ያገግማል፤ በቀትር የተተከለ ግን ሥሩ ሳይዝ ቅጠሉ ውሃ ይጨርሳል።

ጣና ዳር ይህን ጥበብ በሰፊውም ማየት ይቻላል። ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ መራዊ አጠገብ፣ 7,000 ሄክታር ያህል ለማልማት የታሰበው የቆጋ መስኖ አለ። በፎገራ ሜዳም ሩዝ ከታጨደ በኋላ ሽንኩርት ይተከላል። በእነዚህ ቦታዎች ዓመቱ ሁለተኛ በር አለው፤ ዝናቡ ሲያበቃ የሽንኩርትና የቲማቲም መደብ ይዘጋጃል። ቲማቲም በክረምት ዝናብ የቅጠል በሽታ ስለሚበረታበት ለጓሮም ቢሆን ይህ ሁለተኛው በር ይሻለዋል። ዘጌ ላይ ደግሞ መደቡን የሚሠራው ጫካው ራሱ ነው። በሬ ጠምዶ ማረስ በማይፈቀድበት በዚያ የገዳማት ምድር ከዛፍ ጥላ ሥር የወደቀ የቡና ፍሬ በወደቀበት ይበቅላል። እኛ በሣር ዳስ የምንሠራውን እዚያ የትልልቆቹ ዛፎች ቅጠል ይሠራዋል።

መደብ የሚቀጥለው ግን ዘር ሲኖር ነው። ጤናማ ከሆነ፣ ብዙ ካፈራ ተክል ላይ ቀልቶ የበሰለ በርበሬ መርጦ በጥላ ማድረቅ፣ ከእርጥበት ርቆ በቅል ወይም በጠርሙስ ማስቀመጥ ይበቃል። ሚጥሚጣ አጠገቡ ካለ ንቦች ሊያዳቅሉት ይችላሉና ዘር የሚያዝበትን ተክል ማራቅ ያስፈልጋል። ከሱቅ የተገዛ ድቅል ዘርም ልጁ እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ ለዘር አይያዝም። ኢትዮጵያ በ1976 እ.ኤ.አ. የዘር ባንክ አቋቁማለች። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደም የገበሬውን ዘር በመታደግ ሥራቸው በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እሳቸው የታገሉለት ሐሳብ ለጓሯችንም ይሠራል፤ ዘር ከማሳው ካልተለየ፣ በየዓመቱ ከተዘራና ከተመረጠ ይኖራል።

ዘንድሮ ክረምቱን በር ላይ ቆማችሁ አትጠብቁት። አንድ ሜትር መሬት ወይም አንድ የተሰነጠቀ ጀሪካን አዘጋጁ፤ ከሰኔ አጋማሽ 55 ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ዘራችሁን ሚያዝያ 20 ላይ ዝሩ። ዋናው ዝናብ ሲገባ የሚተከል ችግኝ በእጃችሁ ይኖራል።