አፈር የማይነካው የፈንገስ እርሾ
አርበስኩላር ማይኮራይዛ የሚባሉ ፈንገሶች የተክል ሥር ወዳጆች ናቸው። ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቻቸውን ዘርግተው ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ ፎስፈረስ ያመጡለታል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጣቸዋል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያለ ሕያው ሥር አይራቡም። በአፈር ብናራባቸው ደግሞ የሥር በሽታ አብሮ ሊመጣ ይችላል።

ታዲያ አፈሩን ብናስቀረውስ? እ.ኤ.አ. በ1988 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ሞክረው ተሳክቶላቸዋል። ፈንገሱ የገባበትን የስኳር ድንች ሥር አየር ላይ አንጠልጥለው፣ ንጥረ ነገር ያለበትን ውሃ እንደ ጉም ረጩበት።

ዋናው ዘዴ ፎስፈረሱን መቆጠብ ነው። ተክሉ ፎስፈረስ ከጠገበ ፈንገሱን ምን ያደርግለታል? ትንሽ ሲያጥረው ግን በሩን ይከፍትለታል። በመጨረሻም ሥሩ ተቆራርጦ፣ ልክ እንደ እንጀራ እርሾ፣ ለሌላ ተክል ማስጀመሪያ ይሆናል።